በሪያድ አውቶቡስ ላይ የተነሣ እጅ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ካርቱም መሀል፣ ሱቅ አል-ዐረቢ ከሚባለው ገበያ ዳር ካለው የአውቶቡስ መናኸሪያ ቆመን ሳለ እትዬ ዘይነባ "በይ ምሪኝ" አሉኝ። ሥራዬ የተጀመረው በዚህች ቃል ነው። ከተማው ውስጥ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። እሳቸው ደግሞ እዚያው ወልደው ከብደው የኖሩ የወሎ ሴት ናቸው።

"እኔ ነኝ የምመራዎት?"

"አንቺ እንጂ። እኔማ አውቀዋለሁ። የማውቀውን መንገድ መርቼ ምን ላገኝ ነው?"

የታዘዝኩት አርካዊት ወደሚባለው ሰፈር እንድወስዳቸው ነበር። ዙሪያችን ትንንሽ አውቶቡሶች ተደርድረዋል፤ እዚያ ሐፍላ ይሏቸዋል። በየበሩ አንዳንድ ረዳት ተንጠልጥሎ የሰፈሩን ስም እየደጋገመ ይጮኻል። ያደግሁት መተማ ስለሆነ ዐረብኛው አልቸገረኝም፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት የለመድኩት ቋንቋ ነው። የቸገረኝ ዓይን አፋርነቴ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ መናኸሪያ መሀል ቆሜ የማላውቀውን ወንድ ጠርቼ "አርካዊት ነው?" ማለት ነበረብኝ። ብዙ ቆምኩ። እትዬ ዘይነባ ሻርፓቸውን አስተካክለው ሰማዩን ያያሉ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም። በመጨረሻ ጠየቅሁ፤ ተሳፈርን።

ረዳቱ ገንዘቡን ሲቀበለን ቲኬት ጠበቅሁ። አልሰጠኝም።

"ቲኬቱስ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ቲኬቱ ፊትሽ ነው። ይሄ ልጅ ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ በመልክ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከከፈልሽ በኋላ ቦታ አትቀያይሪ። ከቀየርሽ ደግሞ 'ክፈይ' ሲልሽ አትቆጪ፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው።"

አርካዊት ደርሰን ግን አልወረድንም። አዲስ አበባ "ወራጅ አለ!" ይባላል። ካርቱም ውስጥ ተሳፋሪው አውራ ጣቱንና መሀል ጣቱን አፋትጎ ቀጭ ያደርጋል፤ ረዳቱ ያንን ሰምቶ በጥርሱ መሀል "ትስስ" ይልና ሾፌሩ ያቆማል። ያንን ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ። ነገር ግን እኔ ባደግሁበት ቤት ሴት ልጅ በትልቅ ሰው ላይ ጣቷን ብታጮህ በጥፊ ነው የምትባለው። ጣቶቼን አገጣጠምኩ፣ አላብ አሟለጫቸው፣ ድምፅ አልወጣም። መውረጃችን አለፈን። ቀጣዩም አለፈን። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መጨረሻው ላይ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ዞሮ ሲያየን ነው የወረድነው።

"ደግ" አሉ፣ አቧራውን ከቀሚሳቸው እያራገፉ። "የመስመሩን መጨረሻ ያየ ሰው ከእንግዲህ ምን ይፈራል? ያላ፣ በእግራችን እንመለስ።"

አሁን ያ ሥራ የለም። ባለፈው ወር ሠራተኛና አሠሪ የሚያገናኘው ቢሯችን ሲዘጋ እኔም ቁልፌን አስረክቤ ማስተማር ጀመርኩ። ያስዘጋውም ክፉ ነገር አይደለም። ዛሬ አዲስ የምትመጣ ልጅ ሁሉ ሞባይል ይዛለች፤ ብትጠፋ እህቷ ጋ ትደውላለች፤ እዚያ ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ በር ድረስ ያደርሳታል። እኔ ሥራውን በያዝኩ ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከወሎ ለቤት ሠራተኝነት የሚመጡት ሴቶች ከደይም ሰፈር ተነሥተው ሪያድና ዐማራት በሚባሉት የካርቱም ሰፈሮች ያሉት ቤቶች የሚደርሱት በእኛ ነበር። የሥራዬ ስም አድራሽ ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱም ትንሽ ነበር። ስለዚህ ስለ ደመወዙና ስለ ወረቀቱ ብዙ አልጽፍም። መጻፍ የምፈልገው እትዬ ዘይነባ ስላስተማሩኝ አሠራር፣ አንዲት ጦይባ የምትባል ልጅ ስለጠፋችበት ዓርብ፣ ከዚያም ስለ ተከተለው ነው።

የቢሮው ባለቤት አቶ ደምሴ ችኩል ሰው ነበሩ። ልጆቹን ለማስተማር ቀናት መውሰዳችን አይዋጥላቸውም።

"ማድረስ ነው ሥራችሁ! ታክሲ ላይ ጫኑ፣ በሩን አንኳኩ፣ አስረክቡ፤ አለቀ።"

እትዬ ዘይነባ ለማንም ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። "ደምሴ፣ ያደረስካት ልጅ ብቻዋን ተመልሳ መምጣት ካልቻለች አላደረስካትም። ቆልፈህባታል" አሏቸው። አቶ ደምሴ ጉንጫቸውን አሻሹና ወጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ታክሲ ሲያነሡ አልሰማሁም።

የእትዬ ዘይነባ አሠራር እንዲህ ነው። ልጆቹ የዐረብኛውን ጽሑፍ ስለማያነቡ መንገድ የሚያስጠኗቸው በምልክት ነበር፤ ግን ምልክት አመራረጣቸው ለብቻው ነው። የሱቅ ሰሌዳ አይቀበሉም፣ ይቀባል። የቆመ መኪና አይቀበሉም። ሻይ ሻጯን አይቀበሉም፣ ጥላውን ተከትላ ጠዋት ወዲህ ከሰዓት ወዲያ ትሄዳለችና። የሚቀበሉት የኒም ዛፍ፣ የውኃ ማማ፣ የመስጊድ ሚናራ፣ የመንገድ ጉብታ ነው። "ዓይንሽን ጨፍኚና ንገሪኝ፣ ሁለት ጊዜ ዘለልን ወይስ ሦስት?" ይላሉ። ደግሞም መውረጃዋን አያስጠኗትም፤ ከመውረጃዋ በፊት ያለውን ያስጠኗታል። "መውረጃሽን ስታዪው አልፎሻል። የሱን ጎረቤት እወቂ፤ ጎረቤቱን ስታዪ ጣትሽን አዘጋጂ።" ስትወርድ ዞር ብላ የመጣችበትን እንድታይ ያዟታል፤ መንገድ ሲመለሱበት ሌላ መልክ አለውና። ቦታዋ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጀርባ ነው፤ ከዚያ ፊት ለፊቱን በመስኮት፣ የኋላውን በሾፌሩ መስተዋት ታያለች። በሦስተኛው ጉዞ ልጅቷ ትመራለች፤ እኛ እንደማናውቃት ሆነን ከኋላ እንቀመጣለን። የጠፋች እንደሆነ ደግሞ መንከራተት የለም። በካርቱም መንገድ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመጡ የውኃ ማሰሮዎች አሉ፤ ዚር ይባላሉ። "ዚር ካለበት ሰው አይጠፋም። ጠጪና እዚያው ተቀመጪ፤ እኔ እመጣለሁ።"

እኔም ጣቴን ማጮህ ተማርኩ። ማታ ማታ፣ በማድርበት በወንድሜ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ አውራ ጣቴ እስኪላጥ ድረስ። ወንድሜ "ጭፈራ ቤት ልትቀጠሪ ነው እንዴ?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ እናጠብቅ ነበር፤ ከማያውቁት ወንድ ምንም አለመቀበል። ብስኩትም ቢሆን፣ መቀመጫም ቢሆን። ምክንያት ነበረን። ያልበጀ ነገር ያየች ልጅ ሁሉ የጀመረችው "አንድ ደግ ሰውዬ" ብላ ነውና።

ጦይባ የመጣችው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ወሎ ውስጥ ከከተማ የራቀ ቀበሌ ነው አገሯ። ቀጭን፣ ፀጥተኛ፣ ስትሄድ መሬት መሬት የምታይ ልጅ ናት፤ በዓይን አፋርነቷ ራሴን አየሁባት። ሪያድ ውስጥ ሲት ሰልዋ የሚባሉ ሴት ቤት ገባች። በዚያ አገር ሲት ማለት እመቤት እንደ ማለት ነው። መልካም ቤት ነበር። ዓርብ ዓርብ እንድትወጣ ተስማሙልን፤ ታላቅ እህቷ ሐሊማ ደይም ውስጥ አራስ ስለነበረች፣ ጦይባ ለዚያች ዓርብ ስትል ነው ሳምንቱን የምትገፋው። "ሕፃኑ ሳቀ?" ትለኛለች ባገኘችኝ ቁጥር። ሕፃኑ ገና የመሳቂያው ጊዜ አልደረሰም ነበር።

ጉብታዎቹን ዓይኗን ጨፍና ቆጠረች። ጣቷ ከእኔ የተሻለ ይጮኻል። በሦስተኛው ጉዞ ስትመራ ከኋላ ተቀምጬ አየኋት፤ አንዲት ነገር አልሳተችም። ስለዚህ በቀጣዩ ዓርብ ብቻዋን እንድትመለስ ፈቀድን። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያው ድረስ ሸኝቼ የሪያዱ ሐፍላ ላይ አሳፈርኳት። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣ በመስኮት ሳቀችልኝ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደይም፣ እትዬ ዘይነባ ቤት ስልክ ጮኸ። ሲት ሰልዋ ነበሩ። "ልጅቷ የታለች? ዝናብ እየመጣ ነው" አሉ።

እትዬ ዘይነባና እኔ ታክሲ ይዘን ሪያድ ስንደርስ ሰማዩ በአቧራ ቀልቷል። ወደ ቤቱ ከመግባታችን በፊት ጥጉ ላይ ያለችው ሱቅ ጋ ቆምን። ባለሱቁ ዐም ኢድሪስ የሚባሉ ሸበቶ ሰው ናቸው፤ ዐም እንደ እኛ አጎቴ ወይም ጋሼ ነው። ጦይባ ሁልጊዜ ጠዋት ዳቦና የሳሙና ዱቄት የምትገዛው ከእሳቸው ነው። ሁኔታውን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"የሲት ሰልዋ ሐበሻዋ? ከእኔ ጋር በአንድ ሐፍላ ነበረች እኮ! ከጁምዓ ስመለስ ነው። ከፈልኩላት፤ ከዚያ አየር ማረፊያው አጥር ጋ ስትደርስ ዘላ ወረደች። ጉዳይ ያላት መስሎኝ ዝም አልኩ።"

እትዬ ዘይነባ ግንባራቸውን ያዙ። እኔም ገባኝ።

ካርቱም የኖረ ሰው ይህን ልማድ ያውቃል። ሐፍላ ላይ የሚያውቁት ሰው ሲሳፈር ካዩ፣ ሳይነግሩት ለረዳቱ የእሱንም ይከፍላሉ። ረዳቱ እዚያ ሰው ጋ ሲደርስ እጁን ይመልስና "ኸላስ፣ ተከፍሏል" ይለዋል። የተከፈለለት ሰው ዞር ይላል፤ ከፋዩ እጁን ያነሣለታል፤ እሱም መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ይኸው ነው፣ ከዚያ በኋላ ንግግርም የለበት። ለእኔ ብዙ ጊዜ ተከፍሎልኛል። እንዴት ያለ ደስ የሚል ነገር መሆኑን ለወንድሜ አውርቼለታለሁ። ለጦይባ ግን፣ ስለ ጉብታና ስለ ሚናራ ያን ሁሉ ስንነግራት፣ ይህን የነገራት የለም። ከማያውቁት ወንድ ምንም አትቀበይ ብቻ ነው ያልናት።

ዐም ኢድሪስ ሱቃቸውን ቆለፉ። "እኔ ነኝ ያስወረድኳት፣ እኔም እሄዳለሁ" ብለው ከሾፌሩ ጎን ገቡ። የአየር ማረፊያው አጥር ረጅም ነው፤ በር የለውም፤ ሪያድ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ናት። ከዚያ የወረደ ሰው ቢጠፋ አይፈረድበትም። ዝናቡ በትልልቁ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ታክሲው ቀስ እያለ አጥሩን ተከተለ። ዛፍ ባየሁ ቁጥር አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ። የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ዚር አልነበረም። ሁለተኛው ሥር ዚር ነበር፣ ሰው አልነበረም። እትዬ ዘይነባ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሊመሽ፣ የመግሪብ አዛን ሊወጣ ሲል አገኘናት። ሁለት ማሰሮዎች የተቀመጡበት የኒም ዛፍ ሥር፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እትዬ ዘይነባን ስታይ ተነሣች፤ አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

"ጠጣሁና ተቀመጥኩ፣ እንዳሉኝ" አለች።

"ደግ አደረግሽ ልጄ። ለምን ወረድሽ?"

"አንድ ሰውዬ ከፈለልሽ አለኝ። ለምን ይከፍልልኛል? ምን አድርጌለት? ሳልወርድ ብቆይ ተከትሎኝ ቢወርድስ?"

ዐም ኢድሪስ አማርኛ አይሰሙም፤ ግን ገባቸው። ራቅ ብለው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ለጁምዓ የለበሱትን ነጭ ጀለቢያና ትልቅ ጥምጥም እንዳደረጉ ናቸው። ጦይባ አየቻቸው፣ አላወቀቻቸውም፣ ወደ እትዬ ዘይነባ ተጠጋች። ሱቃቸው ውስጥ የሚቆሙት ራሳቸውን ገልጠው፣ ባጭር ሸሚዝ ነዋ። እሷም ሁልጊዜ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና፣ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቋትን ጠየቋት፤ "ዳቦው ትኩሱ ይሁን ወይስ የማታው?"

ጦይባ ቀና አለች። "ውይ!" አለች አፏን በነጠላዋ ይዛ። "የዳቦው ሰውዬ!" ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ዐም ኢድሪስ ወደ ኋላ ዞረው ያወሩልን ነበር። ልጅ ሳሉ ካርቱም ውስጥ ትራም ነበር አሉ። አባታቸው ቲኬት ከሚቆርጠው ሰው ዘንድ ቀድመው ይደርሱና ለሚያውቁት ሁሉ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ያነሣሉ። "ትራሙ ሄደ፣ ሐዲዱ አስፋልት ሥር ገባ። እጅ ማንሣቱን ግን ከአባቶቻችን ወሰድን። ሰው የሚሸሸው ነገር መሆኑን ዛሬ ገና ማወቄ ነው" አሉ። እንደ ማዘንም እንደ መሳቅም እያሉ።

ሲት ሰልዋ በሩ ላይ ነበሩ። ጦይባን አገላብጠው አይተው፣ ፎጣ ሰጥተው ወደ ውስጥ ላኳት። ከዚያ እኛን ሳሎን አስገብተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ከእንግዲህ ዓርብ የለም።"

"ሲት ሰልዋ፣ እባክዎ..."

"አልቆጣሁም። የሰው ልጅ ናት። አንድ ነገር ብትሆን እናቷን በምን አፌ ነው የማናግራት? እህቷ እዚህ ትምጣና ትያት።"

አራስ መምጣት አትችልም። እትዬ ዘይነባ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እንደዚያ ሰኞ ጠዋት፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ያለውን ዘርፍ እያየሁ ተናገርኩ፤ ድምፄ የራሴ አይመስለኝም ነበር። ልጅቷ መንገዱን አልሳተችም፣ ያሳተናት እኛ ነን፤ አንድ ዓርብ ይስጡን፣ ብቻዋን ትሂድ ብቻዋን ትመለስ፤ የመግሪብ አዛን ከቤት ውጭ ካገኛት ዳግመኛ አልጠይቅዎትም አልኩ። ውጭ የቆሙት ዐም ኢድሪስ በበሩ በኩል "ስጧት እንጂ ልጄ፣ እኔም ተማርኩ" አሉ።

"አንድ" አሉ ሲት ሰልዋ። "አንድ ዓርብ፣ ኢንሻአላህ።"

በሳምንቱ መሀል፣ ሲት ሰልዋ ራሳቸው ፈቅደው ለአንድ ሰዓት ለቀቁልንና፣ ቢሮው ግቢ ውስጥ ወንበሮች ደርድረን ሐፍላ ሠራን። ረዳቷ እትዬ ዘይነባ ናቸው። "ሪያድ! ሪያድ! ሪያድ!" ሲሉ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ሳቀ። ጦይባ ጋ ደርሰው "ኸላስ፣ ተከፍሏል!" ይሏታል። እሷ ሳንቲሟን ጨብጣ ትደርቃለች።

"ዙሪ! መጀመሪያ ዙሪ። እጁን ያነሣውን ፈልጊ። የምታውቂው ነው? እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊና ተቀመጪ፤ ምንም ዕዳ የለብሽም። የማታውቂው ነው? 'ላ፣ ሹክረን'፣ አይ አመሰግናለሁ በይና የራስሽን ስጪ። መውረድ የለም። መንገዱ ያንቺ ነው፣ ለማንም ብለሽ አትለቂም።"

ስትሄድ እትዬ ዘይነባ ወንበሮቹን እየመለሱ፣ "አለመቀበልን አስተማርናት። መቀበልን ማን ያስተምራት ብለን ነበር?" አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

ዓርብ ደረሰ። እህቷ ቤት ስትውል አልሄድኩም። ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው ላይ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ ተከናንቤ፣ ፊቴን ግማሽ ሸፍኜ፣ የሪያዱ ሐፍላ መጨረሻ ወንበር ላይ ቀድሜ ተቀመጥኩ። ቃሌ ብቻዋን ትሄዳለች ነበር፤ እንደማናውቃት ሆኖ ከኋላ መቀመጥ ደግሞ የሥራችን ደንብ ነው። ጦይባ መጣች። "ሪያድ?" ብላ ጠየቀች፣ ድምፅዋ ተሰማ። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። ሐፍላው ሞላና ተነሣ።

የአየር ማረፊያው አጥር ጀመረ። ጭንቅላቷ ቀጥ ብሏል፤ ወደ አጥሩ አልዞረችም። ረዳቱ የገንዘብ ኖቶቹን በቁመት አጥፎ በጣቶቹ መሀል ይዞ፣ ከፊት እየሰበሰበ ወደ ኋላ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ገንዘቤን ዘረጋሁለት። እጁን መለሰ።

"ኸላስ፣ ተከፍሏል።"

ዞር አልኩ፤ ከኋላዬ መስኮቱ ብቻ ነው። ማን? ወደ ፊት አየሁ። በተሳፋሪው ራስ ሁሉ መሀል አንዲት ቀጭን እጅ ተነሥታለች። የሾፌሩ መስተዋት ውስጥ የጦይባ ዓይኖች እኔን ያያሉ፤ መሬት መሬት አላዩም። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጪ፣ የኋላውን በመስተዋት እይ ያልናት እኛው ነን። ቶቡንም ክንብንቡንም አልፋ ለይታኛለች።

መዳፌን ደረቴ ላይ አደረግሁ።

ከመውረጃዋ በፊት ያለውን የውኃ ማማ ስናልፍ ጣቷ ቀጭ አለ። ረዳቱ "ትስስ" አለ። ወረደች፣ ዞር ብላ የመጣችበትን አየች፣ በዐም ኢድሪስ ሱቅ በኩል ታጠፈች። አዛኑ ገና ብዙ ቀርቶት ነበር። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሲት ሰልዋ ስለ ዓርብ አንሥተው አያውቁም። ሕፃኑ ሲስቅም ጦይባ እዚያው ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት አዲስ ገቢዎች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ከወሎ፣ ሁለቱም ዓይናቸው መሬት ላይ። እትዬ ዘይነባ "ዛሬ በምን ትጀምሪያለሽ? በጉብታው ነው በዛፉ?" አሉኝ። ሐፍላ ላይ ወጣን። ልጆቹን ከሾፌሩ ጀርባ አስቀመጥኳቸው፣ እኔ መጨረሻው ወንበር ሄድኩ፣ ረዳቱን ጠርቼ "የነዚያን የሁለቱንም ሒሳብ እኔ" አልኩት። ከዚያ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እስኪዞሩ ድረስ ጠበቅሁ።